ከውጭ የተላከ የሲቢዲ ዘይት ከመጀመራችሁ በፊት ጉበታችሁን አስቡ

ውጭ አገር ያለ ልጅ ለእናቱ ቫይታሚን ሲልክ፣ አንዳንዴ ሲቢዲ የሚባል ዘይትም አብሮ ይመጣል። ለወገብ፣ ለእንቅልፍ፣ ለሚጥል በሽታ ተብሎ። እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ። ጠርሙሱን ይዘው ሲመጡ "ከቅጠል የተሠራ ነው፤ ምን ያደርጋል?" ይሉኛል።

ያደርጋል። ሲቢዲ ከካናቢስ ተክል ይወጣል፤ አያሰክርም። የሚብላላው ግን ጉበት ውስጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 ኤፒዲዮሌክስ የሚባለው የሲቢዲ መድኃኒት ለከባድ የሚጥል በሽታ ሲፈቀድ፣ ጉበት ሊጎዳ እንደሚችል ማስጠንቀቂያው ላይ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣ ጥናትም ጤናማ አዋቂዎች በየቀኑ በክብደታቸው ልክ፣ በኪሎ 5 ሚሊግራም፣ ለ28 ቀን ወሰዱ። ከመቶው ከ5 በላይ የሚሆኑት የጉበት ኢንዛይማቸው፣ ማለትም ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚበዛው፣ ከመደበኛው ጣሪያ ከ3 እጥፍ በላይ ወጣ። ሲያቆሙ ወረደ። በጊዜ ከተደረሰበት ይመለሳል ማለት ነው፤ እኔም የምወተውተው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ መጠኑን አስሉ። ጠርሙሱ 30 ሚሊ ሊትር፣ 1000 ሚሊግራም የሚል ከሆነ፣ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 33 ሚሊግራም ገደማ አለ። 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት የጥናቱ መጠን ላይ የምትደርሰው በቀን 250 ሚሊግራም ስትወስድ ነው፤ ከዚህ ጠርሙስ 7 ሚሊ ሊትር ተኩል ማለት ነው። ይህ ሁሉ የተጻፈው እውነት ከሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በኢንተርኔት የሚሸጡ 84 ምርቶች ሲመረመሩ፣ መጠናቸው በትክክል የተጻፈው 31 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። አንዳንዶቹ ውስጥ የሚያሰክረው ቲኤችሲም ተገኝቷል። ካናቢስ በአገራችን ሕግ የተከለከለ ስለሆነ ላኪውም ተቀባዩም ያስቡበት።

ከሁሉም በላይ የምጨነቀው ግን አብረው ስለሚወሰዱ መድኃኒቶች ነው። ከመሐል ሜዳ የመጡ አንዲት እናት ለልጅ ልጃቸው የተላከ ጠርሙስ አሳዩኝ።

"እማማ፣ ልጁ ሌላ ምን ይወስዳል?"

"ኧረ ምንም! ያቺን የሚጥል በሽታ ኪኒን ነው እንጂ።"

ያቺ ኪኒን ቫልፕሮኤት ነበረች። ከሲቢዲ ጋር ስትሆን ጉበት ላይ ከሁሉ የከፋ አደጋ የምታመጣው እሷ ናት። ጠርሙሱን ሳይከፍቱ ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱ ለመንኳቸው።

እናንተም የቲቢ መድኃኒት፣ ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን ወይም ሌላ የዘወትር ኪኒን ካላችሁ አትደብቁ። ሲቢዲ ዋርፋሪንን ያበረታዋል፤ ደም መፍሰስ ሊያስከትል ይችላል። ኮሶም ሆነ ሌላ የባህል መድኃኒት ከወሰዳችሁ ተናገሩ። ለብርዱ ተብሎ የሚጠጣው አረቄም ይቆጠራል። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ባይነካው ይሻላል።

ከዚያ የደም ምርመራ። የጉበትን ጤና የሚያሳዩት ኤስጂፒቲ፣ ኤስጂኦቲ እና ቢሊሩቢን ይታዘዙልኝ በሉ። ሳይጀመር አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በ1ኛው፣ በ3ኛውና በ6ኛው ወር። ውጤቱን አትጣሉት፤ የሚቀጥለው ከሱ ጋር ነው የሚነጻጸረው።

ስለ ጾምም ልንገራችሁ። ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው ሲቢዲ በባዶ ሆድ ከሚወሰደው እስከ 4 እጥፍ ይደርሳል። ሁዳዴን በባዶ ሆድ ሲወስድ የከረመ ሰው በፋሲካ ቅቤ ከበዛበት ዶሮ ወጥ ጋር ቢወስደው፣ ጠብታው ሳይጨምር መጠኑ ጨመረ ማለት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ውሰዱት።

ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ሰውነት ካሳከከ፣ በቀኝ በኩል ከጎድን በታች ካመመ ወይም ምግብ ካስጠላ "የወፍ በሽታ ነው" ብላችሁ ቅጠል ፍለጋ አትሂዱ። ጠርሙሱንና ኪኒኖቹን በሙሉ ይዛችሁ በዕለቱ ሆስፒታል ድረሱ። ለእንቅልፍ ወይም ለሕመም የሚወስድ ሰው ዘይቱን ወዲያው ያቁም። ለሚጥል በሽታ የሚወስድ ግን ዘይቱንም ኪኒኑንም በራሱ አያቋርጥ፤ በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ይነሳል። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል የምትሄዱም ኪኒናችሁን ይዛችሁ ሂዱ።