የስሜን ተራሮችን ጥልቀት በፎቶግራፍ ማስቀረት

በስሜን ተራሮች ካሉት የገደል ጫፎች አንዱ በሆነው በእሜት ጎጎ አፋፍ ላይ ቆሞ ከእግሩ ሥር የሚወርደውን ገደል ያየ ሰው፣ ቤቱ ገብቶ ፎቶውን ሲከፍት ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የነጣ ሰማይና ደብዛዛ ኮረብታ ብቻ ነው። ዓይን እየተዘዋወረ የሚሰበስበውን ርቀት ሌንስ በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ስለሚያሳርፈው፣ የፎቶ አንሺው ዋና ሥራ የጠፋውን ጥልቀት መመለስ ነው።

ከሁሉ በፊት ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ታላቁ የስሜን ገደል በአብዛኛው ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ስለሆነ፣ ፀሐይ በስተደቡብ አዘንብላ በምትሄድባቸው በታኅሣሥና በጥር የገደሉ ፊት ቀኑን ሙሉ በጥላ ይውላል። በዚህ ወቅት የሄደ ሰው ከዋናው ገደል ወጣ ብለው ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚያዩትን ጎኖች ቢፈልግ ይሻለዋል። በመስከረም አጋማሽ ግን ፀሐይ በቀጥታ ከምሥራቅ ስለምትወጣ የማለዳው ብርሃን ገደሉን ከጎን እየዳሰሰ እያንዳንዱን ስንጥቅ ያጎላዋል። ክረምቱ አየሩን አጥቦ ሣሩን አረንጓዴ ያደረገበት ጊዜ በመሆኑም እኔ ከሌላው ወር ሁሉ የምመርጠው ይህንን ነው። በአገራችን ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ለስላሳው ብርሃን አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይም፤ ስለዚህ ግጭ ከተባለው የድንኳን ማረፊያ በጨለማ፣ ከስካውት (ከፓርኩ ጠባቂ) ጋር መነሳት ግድ ነው። ረጅም መንገድ መሄድ የማይችል ሰው በመኪና የሚደረስበትን ሌላውን ማረፊያ፣ ጨነቅን ሊመርጥ ይችላል።

ሁለተኛው ዘዴ ቅርብ ነገርን ከፊት ማስገባት ነው። ረጅሙ የደጋ ተክል ጅብራ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ ቁመቱ ዓይንን ከሣሩ አንሥቶ ወደ ሩቁ ተራራ ይወስዳል። በ24 ሚሊሜትር ሰፊ ሌንስና በሙሉ ፍሬም (የብርሃን መቀበያው እንደ 35 ሚሊሜትር ፊልም በሆነ) ካሜራ፣ ብርሃን የሚያስገባውን የሌንስ ቀዳዳ ኤፍ 11 ላይ አድርገው ፎከሱን ወደ 1.8 ሜትር ርቀት ቢያስተካክሉ፣ ከአንድ ሜትር ግድም ጀምሮ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ስለሚጠብ፣ ኤፍ 22 የበለጠ ጥራት የሚሰጥ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ሆኖም ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ምስሉ በተቃራኒው ይለሰልሳል። አይኤስኦን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100 ላይ ትተው ካሜራውን በትራይፖድ ካቆሙ በኋላ፣ የጣት ግፊት እንዳያንቀጠቅጠው በሁለት ሰከንድ መዘግየት ያንሱ። ነፋስ ጅብራውን የሚያወዛውዘው ከሆነ ግን አይኤስኦውን ከፍ አድርገው ሻተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነውን መዝጊያ) ማፍጠን ይገባል።

ሰማዩ ከሸለቆው በጣም የበራ ስለሚሆን ብርሃኑን የሚለኩት በሰማዩ ነው፤ በሮው ፋይል (ካሜራው ሳያሳንስ ባስቀመጠው ጥሬ ምስል) የተነሣ ጥላ በኋላ ሊፈካ ይችላል፣ ነጥቶ የጠፋ ደመና ግን አይመለስም። በስልክ የሚያነሣ ሰውም ሰማዩን በጣቱ ነክቶ ብርሃኑን ዝቅ ቢያደርግ ተመሳሳይ ውጤት ያገኛል። ከሌንስ ፊት የሚገጠመው ማጣሪያ፣ ፖላራይዘር፣ የሰማዩን ሰማያዊነት የሚያጠልቀው ከፀሐይ በ90 ዲግሪ አቅጣጫ በመሆኑ፣ በሰፊ ሌንስ ሲጠቀሙበት ሰማዩ ላይ የማያምር ጥቁር ቦታ ይተዋል።

አቧራና ጭጋግ በበዛበት ቀን ሰፊውን ሌንስ አስቀምጠው ሩቁን የሚያቀርበውን ከ100 እስከ 200 ሚሊሜትር ያለውን ሌንስ ያውጡ። እርስ በርስ የተደራረቡት ሸንተረሮች ከጥቁር ሰማያዊ ወደ ፈዛዛ እየሄዱ ርቀቱን ራሳቸው ይናገራሉ። በአፋፉ ላይ አንድ እረኛ ወይም የጭላዳ መንጋ ቢገባ የገደሉ ግዝፈት ወዲያው ይታያል፤ እረኛውን ግን አስቀድመው ያስፈቅዱ። ጫፉ ላይ ያለው አፈር ሊናድ ስለሚችል ትራይፖዱን ከአፋፉ ራቅ አድርገው ይትከሉ። ሌሊቱ ብርድ ነውና ባትሪዎቹን ከሰውነትዎ ጋር ይያዙ። ፀሐይ እንደጠለቀች ዕቃ መሰብሰብ አይገባም፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ሰማዩና ሸለቆው በብርሃን ስለሚቀራረቡ፣ ቀን የተደበቀው የገደሉ ሥር በረጅም ሻተር ይወጣል።