ከደሴ ተነስቶ የኪሮሽ ሰው ጋ መድረስ (ያላለቀ ሥራ ይዛችሁ ውጡ)

ሰሞኑን አንዲት የደሴ ሆጤ ሰፈር ልጅ "እኔም እንዳንቺ ኪሮሽ የሚሠሩ ሰዎች ያሉበት መሄድ እፈልጋለሁ፣ ግን ፕሮግራሙ የት ነው የሚለጠፈው?" ብላ ጠየቀችኝ። ሳቄ መጣ፣ ምክንያቱም እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ እሱኑ ማስታወቂያ ስጠብቅ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንድ ሰው "የኪሮሽ ፌስቲቫል" ብሎ ባነር እስኪሰቅልላችሁ ከጠበቃችሁ ክራችሁን ብል ይበላዋል። የኪሮሽ ሰው ሌላ ነገር ውስጥ ተደብቆ ነው ያለው፣ የበዓል ባዛር ውስጥ፣ ክር ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ የሴቶች ማህበር ቡና ላይ፣ ሰርግ ቤት እንኳ የሶፋውን ዳንቴል ገልብጣ ጀርባውን የምታይ ሴት ካለች እሷ ከኛ ወገን ናት በቃ።

መጀመሪያ የሠራሁትን ስህተት ላውራላችሁ ከሱ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ለገና ባዛር የሄድኩት 14 ዕቃ ይዤ ነው፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ የሕፃን ጫማ፣ የረከቦት ልብስ፣ ሁሉም ተተኩሶ ታጥፎ። የዘመዴ ልጅ ጠረጴዛ ላይ ጥግ ተሰጠኝና ዘረጋሁት። ቀኑን ሙሉ የሰማሁት ሁለት ቃል ነው፣ "ስንት ነው?" እና "ውይ ተወደደ"። ሁለት ዕቃ ሸጥኩ። ማታ ላይ ሲደክመኝ ቁጭ ብዬ ለአባቴ የጀመርኩለትን ነጭ ኮፊያ አወጣሁና መሥራት ጀመርኩ፣ ያኔ ነው ነገሩ የተቀየረው። ከማዶ ያለችው ልጅ መጣች፣ "ዙሩን ስትጨምሪ በየስንቱ ነው የምትጨምሪው?" አለች። ሌላዋ "ይሄ ክር አይላላብሽም?" ብላ ዳሰሰችው። በግማሽ ሰዓት አምስት ሆነን ወንበር ስበን ተቀመጥን። ያለቀ ሥራ ሲያዩ ሰዎች ዋጋውን ይጠይቃሉ፣ ያላለቀ ሲያዩ ግን አንቺን ነው የሚጠይቁት። ከዛ ወዲህ የትም ስሄድ በእጄ ላይ ያላለቀ ነገር አይጠፋም፣ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገርም እሱ ነው፣ ሌላው ዝርዝር ነው።

ታዲያ መንገድ ላይ ምን ይያዝ? ትልቅ ብርድ ልብስ ይዛችሁ አትውጡ። ትንሽ፣ በቃላችሁ የምታውቁት፣ መቁጠር የማይፈልግ ነገር። ግራኒ ስኩዌር የሚባለው አራት ማዕዘን ቁራጭ ለመንገድ የተፈጠረ ነው፣ አንዱን ጨርሳችሁ ቦርሳ ውስጥ ትከቱና ሌላ ትጀምራላችሁ፣ ቤት ስትደርሱ ትገጣጥሙታላችሁ። መካከለኛ የሹራብ ክርና 4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ (መንጠቆዋን ማለቴ ነው) ይበቃል። የዳንቴሉን ቀጭን ብረት ኪሮሽ፣ ያቺን ከ2 ሚሊ ሜትር በታች የሆነችውን፣ ለመኪና አታውጡ፣ አንድ ጉድጓድ ላይ መኪናው ሲነጥር ጣታችሁ ውስጥ ነው የምትገባው። ክሩ ወለል ላይ እንዳይንከባለል አሪፍ ዘዴ አለ፣ ባዶ ሃይላንድ ከመሃል ቆርጣችሁ ድቡልቡሉን ክር ትከቱና ጫፉን በክዳኑ በኩል ታወጡታላችሁ፣ የተቆረጠውን በፕላስተር ትዘጉታላችሁ። እኔ ይሄን ሳላውቅ አንድ ቀን ነጭ ክሬ ከኋላ ወንበር ሥር የተቀመጠች ዶሮ ጋ ደርሶ ተመልሷል፣ ነጭነቱ እዛው ቀረ። ዙር ላይ ምልክት ማድረጊያ መርፌ ቁልፍ ይበቃል፣ ሌላ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም።

መንገዱን ታውቁታላችሁ ግን ለጀማሪ ልበል። ከደሴ አዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ መናኸሪያ ንጋት ላይ መገኘት አለባችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ቀን መንገዱ ሰላም መሆኑን ሹፌሮቹን ወይም በዛ በኩል ሰሞኑን የመጣ ሰው ጠይቁ፣ እንደው ይሄን አትዝለሉት። ሐረጎን ስትወርዱ ኪሮሹን አታውጡ፤ ከደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስታችሁ ኮምቦልቻ 1850 ገደማ ላይ ነው የምትወርዱት፣ እሱም በጠመዝማዛ፣ አንገታችሁን ደፍታችሁ ዙር ስትቆጥሩ ያስመልሳችኋል። ኮምቦልቻን ካለፋችሁ በኋላ ሀርቡ ከሚሴ ያለው ሜዳማው መንገድ የሥራ ሰዓት ነው፣ እኔ እዛ ላይ አራት ቁራጭ ጨርሼ አውቃለሁ። ሸዋሮቢት ሙቀት ነው እጅ ያልባል፣ እጅ ሲያልብ ክር ኪሮሹ ላይ ይይዛል፣ መሐረብ ያዙ። ደብረ ሲና ቆሎ ትገዛላችሁ መቼም፣ ግን ቆሎ በልታችሁ በዛው እጅ ነጭ ክር አትንኩ። ከዛ ጣርማ በር ነው፣ ከ3000 ሜትር በላይ፣ ጣት ይደነዝዛል፣ ጋቢ ውስጥ ገብታችሁ ተኙ ይሻላል።

ደብረ ብርሃን ግን እንቅልፍ ላይ አታሳልፉት። ጊዜ ካላችሁ አንድ ሌሊት ማደር ያዋጣል። እኛ ወሎዎች ጥጥ ነው የለመድነው፣ የበግ ፀጉር ታሪኩ ያለው እዛና መንዝ ነው፤ ብርድ ልብሶቹ ባናውና ዝተቱ፣ ካባው በርኖሱ ሁሉ ከመንዝ በግ ፀጉር የሚወጣ ነው። ገበያ ወጥታችሁ እጃችሁ ላይ ያለውን ኪሮሽ እንዲያዩት አድርጉና "እማማ ይሄን ፀጉር ማን ነው የሚፈትለው?" ብላችሁ ጠይቁ። እኔ እንዲህ ብዬ ጠይቄ አንዲት እናት እንዝርቱን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ፣ ክሩን በጠስኩት፣ ሳቁብኝ፣ እንደገና ቀጠሉልኝ፣ ቡና ሳልጠጣ አለቀቁኝም። ያ ክር ሻካራ ነው፣ አንገት ላይ ይበላል፣ ግን ለቦርሳና ለወንበር ልብስ የሚያህለው የለም።

በአውሮፕላን የምትሄዱ ደግሞ ከኮምቦልቻ ቦሌ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ አንድ ቁራጭ ሳይጨረስ ይወርዳል። መቀሱን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርጉት፣ በእጅ ጥፍር መቁረጫ ያዙ ክር ይቆርጣል። የፕላስቲክ ወይም የቀርከሃ ኪሮሽ ፍተሻ ላይ ከብረቱ ያነሰ ወሬ ያስነሳል። የጀመራችሁት ሥራ ላይ ተሰክቶ ከታየ ደግሞ ምንነቱን ራሱ ይናገራል፣ ለብቻው ካገኙት ግን "ይሄ ምንድን ነው?" ይመጣል።

አሁን ባዛር ደርሳችኋል እንበል። የበዓል ባዛሮች ከእንቁጣጣሽ፣ ከገና፣ ከፋሲካ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው የሚከፈቱት። መጨረሻው ቅዳሜና እሁድ ላይ አትሂዱ፣ ሰው በሰው ላይ ነው፣ ሻጯም አታወራችሁም ልክ ናት። በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ሻጮቹ ራሳቸው ሻይ ይዘው የሚተያዩበት ሰዓት ላይ። ስትቀርቡ መጀመሪያ ሰላም በሉ በወሎ ደንብ፣ ጤናዋን፣ እንዴት እንዳደረች፣ ከዛ ስለ ክሩ ጠይቁ። ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ፣ ዲዛይኗን የምትሰርቁባት ነው የሚመስላት፣ አንዳንዴም እውነቷን ነው። "ይሄንን እኔም እሠራዋለሁ" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ዋጧት፣ የትም አታደርሳችሁም። የምትችሉ ከሆነ ትንሽ ነገር ግዙ፣ ሳትከራከሩ፣ አንድ ጌጥም ቢሆን። ኪሮሽ በማሽን የሚሠራ አይደለም፣ በእጅ ብቻ ነው፣ ያን ሁሉ ሰዓት እያወቅን እርስ በርሳችን ከተከራከርን ሌላው ሰው ምን ይበለን?

ስትነጋገሩ አንድ ነገር ያደናግራል፣ ስሙ። እኔ "ምሰሶ" የምለውን ረዥም ጥልፍ ሌላዋ "ዘንግ" ትለዋለች፣ ወጣቶቹ ከቲክቶክ አይተው "ደብል" ይሉታል። "ደብል" ሲሏችሁ ደግሞ የማን ደብል እንደሆነ ጠይቁ፣ ምክንያቱም አሜሪካኖች ሲንግል ክሮሼ የሚሉትን አጭሩን ጥልፍ እንግሊዞች ደብል ክሮሼ ነው የሚሉት፣ አንድ ነገር ሁለት ስም። እኔ ይሄን ባለማወቄ አንድ የሕፃን ኮፍያ ለጎረምሳ የሚሆን አድርጌው ቁጭ አልኩ። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ወይ ሠርታችሁ አሳዩ፣ ወይ ቻርት ሳሉ። ቻርቱ ላይ ሰንሰለቷ ትንሽ ሞላላ ክብ ናት፣ አጭሯ ጥልፍ የመደመር ወይም የኤክስ ምልክት፣ ረዥሟ እንደ እንግሊዝኛው ቲ ሆና መሃሏ ላይ ጭረት ያለባት። እነዚህን ሦስቱን የምታውቅ ሰው ቋንቋ ባትችልም ከየትም አገር ሰው ጋር ቁጭ ብላ ትሠራለች። ደብተርና እርሳስ ያዙ፣ ስልክ ባትሪው ያልቃል።

አዲስ አበባ ከደረሳችሁ መርካቶ ሳትገቡ እንደማትመለሱ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ክር ስትገዙ ወረቀቱ ላይ ያለውን የሎት ቁጥር አስተያዩ። ቀለሙ ስሙ አንድ ቢሆንም በተለያየ ጊዜ የተነከረ ከሆነ ይለያያል፣ ሱቁ ውስጥ አይታይም፣ ቤት ስትደርሱ በፀሐይ ይታያል። ለአንድ ሥራ የሚበቃውን በአንዴ ግዙ፣ አንድ ትርፍ ጨምሩ፣ ለአንድ ድቡልቡል ክር ብሎ ከደሴ መርካቶ የሚመለስ የለም። ሁለተኛ "ንጹህ ጥጥ ነው" ሲሏችሁ ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ ትንሽ ቁራጭ ውጭ ወጥታችሁ አቃጥሉት፣ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸቶ አመድ ይሆናል፣ አክሪሊክ ከሆነ ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይሠራል። ክር ሱቅ ውስጥ ደግሞ አትቸኩሉ፣ ዳር ላይ ቆማችሁ ክሩን እየዳሰሱ የሚያስቡትን ሴቶች እዩ፣ እነሱ ናቸው የምትፈልጓቸው። ወንዶችም አሉ አትገረሙ፣ ኮፊያ የሚሠሩ ጎበዞች አይቻለሁ።

ከተዋወቃችሁ በኋላ ነው ከባዱ። ስልክ መቀያየር ቀላል ነው፣ ከሳምንት በኋላ ግን "ሰላም ነሽ" ተባብሎ ዝም ነው። እኔን የጠቀመኝ ክር መቀያየር ነው። ስንለያይ እኔ ከያዝኩት ክር አንድ እሰጣታለሁ፣ እሷም ከራሷ ትሰጠኛለች፣ የሠራንበትን በቴሌግራም ፎቶ እንላላካለን። ወሬው አይቋረጥም፣ ምክንያቱም ሥራው አልተቋረጠም። ግሩፕ ከከፈታችሁ ደግሞ ትንሽ ይሁን። አሥር ሰው ያለበት የሚሠራ ግሩፕ፣ ሁለት ሺህ ሰው ያለበት "ዋጋ በውስጥ መስመር" ግሩፕ ይበልጣል።

መሄድ የማትችሉ ካላችሁ ደግሞ፣ ልጅ አለ፣ ሥራ አለ፣ የትራንስፖርቱ ዋጋም ቀላል አይደለም፣ እዚሁ ደሴ አድርጉት። በዓለም ላይ ሰዎች ሹራባቸውንና ኪሮሻቸውን ይዘው አደባባይ ወጥተው የሚሠሩበት አንድ ቀን አለ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1997 የተጀመረ፣ በፈረንጆቹ ጁን ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ነው የሚውለው። ቆጥሬው ሳየው እኛ ጋ ሁልጊዜ የሰኔ የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ይገጥማል፣ ለማስታወስ አይመችም? ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ሦስት ሆናችሁ ብትቀመጡ በቂ ነው፣ ሰኔ ስለሆነ ዝናቡን አስባችሁ በረንዳ ሳይሆን ውስጥ። ኮምቦልቻ ያሉት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሚኒባስ ይወጣሉ፣ በቀጣዩ ደግሞ እኛ እንወርዳለን። ለባለቤቱ ቀድማችሁ ንገሩት፣ ሦስት ሰዓት በአንድ ማኪያቶ ስትቀመጡ ፊቱ እንዳይጠቁርባችሁ።

ትልልቆቹን ሴቶች አትርሷቸው። የኛ ሰፈር እትዬዎች ድሮ የሠሩት ዳንቴል ቴሌቪዥን ላይ፣ ቡፌ ላይ ተዘርግቶ አለ፣ ንድፉ ግን ወረቀት ላይ የለም፣ እጃቸው ላይ ብቻ ነው ያለው። ካፌ አይመጡም፣ ስለዚህ እናንተ ሂዱ፣ ስኳርና ቡና ይዛችሁ፣ "እትዬ ዓይኔ አልያዘልኝም ያሳዩኝ" ብላችሁ። አቦሉ ላይ "ረስቼዋለሁ ልጄ" ይላሉ፣ ቶናው ላይ ኪሮሹን ይቀበሏችኋል፣ በረካው ሲደርስ የናንተን ሥራ ፈትተው "እንዲህ አይደለም" እያሉ ከመጀመሪያው ይጀምሩላችኋል። ቪዲዮ ለመቅረፅ አስፈቅዱ፣ እጃቸውን ብቻ ከሆነ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ።

አንድ የቀረኝ፣ የትም ስትሄዱ ትርፍ ኪሮሽና ትንሽ ክር ያዙ። አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ከሁለት ሰዓት በላይ እጃችሁን ሲያይ ከቆየ ሊጠይቃችሁ ነው። እኔ እንደዚህ እስካሁን ሦስት ኪሮሽ ሰጥቻለሁ። አንዷ ልጅ ከሚሴ ላይ ሰንሰለት አስጀምሬያት ሸዋሮቢት ስንደርስ ሰንሰለቱ ከመስኮት እስከ ወለል ደርሶ ነበር፣ አንገቷ ላይ ጠምጥማው ወረደች።