የኮምፒውተር ጠረጴዛ ሲገዙ ወይም ሲያሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከላይ ብቻ አይቶ መግዛት። ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባሉ መደብሮች የሁሉም ጠረጴዛ ገጽ ያብረቀርቃል። ጎንበስ ይበሉና የእግሩን ታችኛ ጠርዝ በጣት ይዳስሱ። ቺፑድ የተፈጨ እንጨት በኮላ ተጨምቆ የሚሠራ ስለሆነ ውሃ አይችልም። ቢሮ ደግሞ በየቀኑ በእርጥብ ይወለወላል። መጀመሪያ የሚያብጠው ወለሉን የሚነካው ጠርዝ ነው፤ አንዴ ካበጠ ቢደርቅም አይመለስም። ብዙ ሠሪዎች የሚታየውን ጎን በፕላስቲክ አሽገው የታችኛውን ይተዉታል፤ ማን ጎንበስ ብሎ ያያል ብለው። ሁሉም ጠርዝ ይታሸግ፣ ከሥሩም የፕላስቲክ ወይም የጎማ መርገጫ ይግባለት።

60 ሴንቲ ጥልቀት «ስታንዳርድ ነው» ሲባሉ ዝም ብሎ መቀበል። ሙሉው ቺፑድ 122 በ244 ሴንቲ ነው። 60 በ120 ሲቆረጥ አራት የጠረጴዛ ገጽ ይወጣዋል፤ በ70 ሲቆረጥ ግን ሦስት ብቻ ወጥቶ 33 ሴንቲ ገደማ ስፋት ያለው ትራፊ ይቀራል። ሠሪው የሚያቅማማው ለዚህ ነው። ለላፕቶፕ 60 ይበቃል። ሞኒተር ካለዎት ግን ስክሪኑ ከዓይንዎ የክንድ ርዝመት ያህል መራቅ አለበት፤ መቆሚያው ራሱ 20 ሴንቲ ገደማ ይይዛል። ስለዚህ 70 ወይም 75 ይዘዙ፤ በትራፊው የፊት መሸፈኛና መሳቢያ እንዲሠራልዎ ይደራደሩ።

ረጅም ገጽ በቀጭን ጣውላ ማሠራት። 140 ሴንቲ የሚረዝም የ18 ሚሊ ቺፑድ መሃሉ ካልተደገፈ ቀስ እያለ ይጎብጣል። ወይ 25 ሚሊ ይሁን፣ ወይ ከሥሩ የቱቦላሬ ማገር ይግባለት።

መፈታቱን አለማሰብ። አከራይ ኪራይ ሲጨምር ቢሮ መቀየሩ አይቀርም። ቺፑድ ጠርዝ ውስጥ የገባ ቪት ተፈትቶ ሲመለስ እንደ ፊቱ አይነክስም፤ ከሁለት ሦስት ዝውውር በኋላ ጠረጴዛው ይወዛወዛል። በብሎን የሚፈታ የብረት እግር ይሻላል።

መሳቢያውን ባዶውን ስቦ ማመን። እስከ መጨረሻው ስበው በእጅ ጫን ይበሉት። ወረቀት ለሚሞላው መሳቢያ ባለ ኩሽኔታ ሐዲድ ይጠይቁ።

ወንበሩን ለብቻው መግዛት። ጠረጴዛ አብዛኛውን ጊዜ ከ72 እስከ 75 ሴንቲ ይቆማል። ወንበሩን ጠረጴዛው ጋ አስጠግተው ይቀመጡ፦ እጅ ኪቦርዱ ላይ ሲሆን ትከሻ ሳይነሳ ክርን ማረፍ፣ እግርም ወለል መርገጥ አለበት። ቁመትዎ አጭር ከሆነ የእግር መርገጫ ይጨምሩ። ተሽከርካሪው ወንበር ባለ አምስት እግር ይሁን፤ ባለ አራቱ ሲደገፉት ለመገልበጥ ይቀለዋል።

የሕንፃውን ሊፍት አለመለካት። ኤል ቅርጽ ጠረጴዛ ተገጣጥሞ ከመጣ በጠባብ ሊፍትም በደረጃም አይዞርም። የማድረሻውንና የመግጠሚያውን ወጪ ማን እንደሚችል ቀብድ ሳይከፍሉ በጽሑፍ ይያዙ።