ከኋላ ጥርሳቸው መርዝ ያላቸውን እባቦች እንዴት ማሳደግ ይቻላል፦ ቀለሙን በመጨረሻ ምረጡ

ብዙ ሰው ወደዚህ ነገር የሚገባው በፎቶ ነው። ስልኩን ሲነካካ ሰማያዊ እባብ ያያል፣ ወይም ነጣ ብሎ ሮዝ የሚመታ ሆግኖዝ የሚባል እባብ፣ በቃ ልቡ እዛው ይቀራል፣ ሌላውን ሳያጣራ ሻጭ ፍለጋ ይሄዳል። እኔም የገባሁት እንደዛ ነው። አሁን ግን ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ስለ ጥርሱ ነው የማወራው፣ ከዛ ስለ ፀባዩ፣ ከዛ ስለ ቤቱ፣ ቀለም መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

1. ጥርሱን እወቁ

እነዚህ እባቦች ረጃጅም ጥርሳቸው ያለው ከፊት ሳይሆን ላይኛው መንጋጋ መጨረሻ ላይ ነው፣ ብዙዎቹ ጥርሱ ላይ መርዙ የሚወርድበት ቦይ አለ። ኮብራና እፉኝት እንደ መርፌ ወግተው መርዙን በአንዴ ያስገቡታል፣ የነዚህ ግን ዱቨርኖይ ከሚባለው እጢ በትንሽ ግፊት ነው የሚፈሰው፣ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ይዘው እያኘኩ ነው የሚያስገቡት። ሰው «የኋላ ጥርስ ነው፣ ምንም አያደርግም» የሚለው ከዚህ ተነስቶ ነው፣ ይሄ አባባል ግን ሰው አስገድሏል። ካርል ሽሚት የሚባለው የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም የእባብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1957 ቡምስላንግ የሚባል ትንሽ የአፍሪካ እባብ ነክሶት በማግስቱ ሞተ። ጀርመናዊው ሮበርት ሜርተንስ ደግሞ በ1975 ራሱ የሚያሳድገው ቴሎቶርኒስ የሚባል ሌላ የአፍሪካ እባብ ነክሶት ከ18 ቀን በኋላ አረፈ። ሁለቱም ዕድሜያቸውን ሙሉ እንሽላሊትና እባብ ያጠኑ ሰዎች ናቸው!

ስለዚህ ቡምስላንግ፣ ቴሎቶርኒስ እና ራብዶፊስ የሚባሉት የእስያ እባቦች ቤት ውስጥ አይገቡም። ወንዱ ቡምስላንግ ብዙ ጊዜ ደማቅ አረንጓዴ ነው፣ ዓይኑ ትልቅና በጣም ቆንጆ፣ ግን መርዙ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፣ ምልክቱም ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ሰው ደህና ነኝ ብሎ ቁጭ ይላል።

2. ዝርያውን ምረጡ

ለጀማሪ የምመክረው አንድ ብቻ ነው፣ የሰሜን አሜሪካ ሜዳ ላይ የሚኖረው ዌስተርን ሆግኖዝ። አፍንጫው እንደ አካፋ ወደ ላይ የተቀለበሰ ነው፣ በሱ አፈር ይቆፍራል። ሴቷ ከ90 ሴንቲሜትር እምብዛም አታልፍም፣ ወንዱ ደግሞ በጣም ያንሳል። ሲፈራ አንገቱን ጠፍጣፋ አድርጎ በኃይል ይተነፍሳል፣ አፉን ዘግቶ በአፍንጫው ይገጫል፣ አንዳንዴም በጀርባው ተገልብጦ ምላሱን አውጥቶ የሞተ ይመስላል።

ጥቂት ዓመት ልምድ ላለው ሰው ፎልስ ዋተር ኮብራ አለ፣ ስሙ ነው እንጂ ኮብራ አይደለም፣ የደቡብ አሜሪካ ረግረጋማ ቦታ እባብ፣ ከ2 ሜትር በላይ የሚያድግ፣ ቀን ቀን ንቁ ሆኖ ሰው የሚከታተል። እኔ ካየኋቸው ሁሉ እንደሱ ነገር የሚገባው እባብ የለም፣ ግን ምግብ ሲያሸት ፍጥነቱ ያስደነግጣል። ባሮን ሬሰር የአርጀንቲና፣ የቦሊቪያና የፓራጓይ እባብ ነው፣ ቀጭን፣ አፍንጫው ላይ ትንሽ ቀንድ የምትመስል ነገር ያለው፣ አረንጓዴም ሰማያዊም ቡናማም ይገኛል። ማንግሮቭ እባብ ጥቁር ላይ ቢጫ ቀለበት ያለው የደቡብ ምስራቅ እስያ እባብ ነው፣ ማታ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ቶሎ ይደነግጣል፣ መርዙ በተለይ ወፍ ላይ ይበረታል። ሰው መግደሉ ባይታወቅም በእጅ እንደ ልብ የሚያዝ እባብ ስላልሆነ እያዩት ለመደሰት ካልሆነ አይሆናችሁም።

3. ቀለሙ ከየት እንደሚመጣ

አንዳንዱ ቀለም በዕድሜ ይቀየራል። ግሪን ካት ስኔክ የሚባለው ከእንቁላል ሲወጣ ሰውነቱ ቀይ ቡናማ፣ ጭንቅላቱ አረንጓዴ ነው፣ ሲያድግ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ይሆናል። ይሄን ያላወቀ ሰው ቡናማው «ሬር ሞርፍ» (ብርቅ የቀለም ዓይነት) ተብሎ ሊሸጥለት ይችላል።

በዘር የሚተላለፈው ላይ ሆግኖዝ ሀብታም ነው። አልቢኖ (ጥቁር ቀለም የሌለው) እና አክሳንቲክ (ቢጫና ቀይ የሌለው) እንዲታዩ ግልገሉ ጂኑን ከእናትም ከአባትም መውረስ አለበት። ከአንድ ወገን ብቻ ከወረሰ ተራ መልክ ይዞ ጂኑን ይሸከማል፣ «ሄት» የሚባለው እሱ ነው። ሁለት ሄት ሲገናኙ እያንዳንዱ እንቁላል አልቢኖ የመሆን ዕድሉ 25 ፐርሰንት ነው፣ ተራ መልክ ይዘው ከሚወጡት ደግሞ ከ3ቱ 2ቱ ጂኑን ይሸከማሉ ተብሎ ይገመታል፣ ሻጮች «66 ፐርሰንት ሄት» የሚሉት ይሄን ነው። በዓይን አይለይም፣ ስለዚህ የወላጆቹን ፎቶና መዝገብ ማሳየት ለማይችል ሻጭ የሄት ዋጋ አትክፈሉ። አናኮንዳ የሚባለው ሞርፍ ግን በአንድ ጂን ብቻ ይታያል፣ ነጠብጣቡ ይቀንሳል፣ ሁለት ጂን ሲሆን ሱፐርኮንዳ ይሆንና ጀርባው ልሙጥ ማለት ይቻላል።

አልቢኖም ሆነ ተራ መርዙ ያው ነው። አልቢኖው ላይ የሚለየው ዓይኑ ኃይለኛ ብርሃን ስለማይችል መደበቂያ በደንብ ማብዛት ነው።

4. ቤቱን አዘጋጁ

እባቡ ሳይመጣ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ቤቱ ተሰርቶ ሙቀቱ ተለክቶ ማለቅ አለበት። ለትልቅ ሴት ሆግኖዝ 90 በ45 ሴንቲሜትር ቤት፣ ሞቃቱ ጎን 30–32 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው 23–25 ገደማ፣ ማሞቂያው የግድ ቴርሞስታት ላይ። ቴርሞስታት የሌለው ማሞቂያ እባብ ያቃጥላል። ስር የሚነጠፈው የአስፐን እንጨት ፍቅፋቂ ከ8–10 ሴንቲሜትር ውፍረት ይኑረው፣ መቆፈር ካልቻለ ይጨነቃል። ሽታ ያለው የጥድና የሴዳር እንጨት አይሆንም። ለፎልስ ዋተር ኮብራ ቢያንስ 180 ሴንቲሜትር ርዝመትና ሙሉ ሰውነቱ የሚገባበት የውሃ ገንዳ ያስፈልጋል።

ክዳኑ ቁልፍ ይኑረው፣ የኬብል ቀዳዳዎቹም ይደፈኑ። የነዚሁ ወገን የሆነው ብራውን ትሪ ስኔክ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጉዋም ደሴት በጭነት ገብቶ አብዛኞቹን የጫካ ወፎች ጨርሷቸዋል፣ እባብ አመለጠ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

5. ምግብ

በረዶ የሆነ አይጥ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፣ ከዛ ሙቅ ውሃ ውስጥ አሙቁት፣ ማይክሮዌቭ በፍጹም። ውፍረቱ ከእባቡ ወገብ አይብለጥ። ግልገል በየ5–7 ቀን፣ ትልቁ በየ7–10 ቀን ይበላል። የሆግኖዝ ግልገል እምቢ ማለት ልማዱ ነው፣ አይጡን በውሃ የታሸገ ቱና ፈሳሽ ነካ አድርጉት፣ ብዙ ጊዜ ይሰራል። ወንዱ በመራቢያ ወቅት ለሳምንታት ላይበላ ይችላል፣ በየሳምንቱ መዝኑት፣ ክብደቱ ካልወረደ ተዉት። ለፎልስ ዋተር ኮብራ አሳ መስጠት ይቻላል፣ ጎልድፊሽ ግን ቫይታሚን ቢ1 የሚያጠፋ ነገር ስላለው ይቅር።

6. አያያዝና ንክሻ

የኔ ሴት ሆግኖዝ የነከሰችኝ አይጥ ካሞቅኩ በኋላ እጄን በውሃ ብቻ አለቅልቄ ቤቷን ስከፍት ነው። መሃል ጣቴን ያዘች፣ ከዛ መንጋጋዋን አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እያራመደች ጣቴን ወደ ኋላ ጥርሷ ስትስበው ቁጭ ብዬ አያለሁ። እንዳልጎዳት ብዬ 3 ደቂቃ ያህል ጠበቅኩ፣ ስህተቱ እሱ ነበር። ማታ ጣቴ አልታጠፍ አለ፣ በማግስቱ እብጠቱ አንጓዬን አልፎ ጥርሷ ያረፈበት ቦታ ውሃ ቋጠረ።

ስለዚህ አትጠብቁ። አፉ ጥግ ላይ ትንሽ የእጅ ሳኒታይዘር አድርጉ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱ፣ ይለቃል። ወደ ኋላ አትጎትቱ፣ ጥርሱ ይሰበራል፣ ቆዳችሁም ይቀደዳል። ቀለበትና ሰዓት ሳያብጥ አውልቁ፣ በሳሙና ታጠቡ፣ መብጣት፣ መምጠጥ፣ ማሰር፣ በረዶ መያዝ የለም። እብጠቱ ወደ ላይ ከወጣ፣ ከዞረባችሁ፣ መተንፈስ ካስቸገረ ወይም ከየትም ደም ከመጣ ወዲያው ሐኪም ቤት። ትልልቆቹ ዝርያዎች ከነከሱ ምልክት ሳትጠብቁ ሂዱ። ምግብ ሁሌም በረጅም ወረንጦ፣ እጅ ሁሌም በሳሙና፣ ፎልስ ዋተር ኮብራንም መጀመሪያ በእባብ መያዣ መንጠቆ ነካ አድርጋችሁ ምግብ እንዳልመጣ አሳውቁት።

7. ከመግዛታችሁ በፊት

በብዙ አገር የኋላ ጥርስ ያላቸውም መርዘኛ ተብለው ፈቃድ ይጠየቅባቸዋል ወይም ጭራሽ ክልክል ናቸው፣ የምትኖሩበትን ሕግ ጠይቁ። ከዱር ከተያዘ ይልቅ ቤት የተፈለፈለውን ውሰዱ፣ ሻጩ ዓይናችሁ እያየ ይመግብላችሁ። ሌላ እባብ ካላችሁ አዲሱን ቢያንስ 2 ወር ለይታችሁ አቆዩት። ከዛ የዝርያውን ሳይንሳዊ ስምና የሐኪም ቤቱን ስልክ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤቱ ላይ ለጥፉ፣ የተነከሰው ሰው መናገር ቢያቅተው አብሮት ያለው ወረቀቱን ገንጥሎ ይዞ እንዲሮጥ።