አሬራውን አታፍሉት

አሬራ ገዝታችሁ አይብ ልታወጡ ከሆነ አደራ፣ እሳቱን አታብዙበት። ከፈላ አይቡ ድርቅ ብሎ እንደ ጎማ ይሆናል። እኔ ረመጥ ላይ ጥጄው አላማስለውም፤ ነጩ ተሰብስቦ ሲንሳፈፍና ዙሪያውን ቢጫ አረንጓዴ አጓት ሲከበው አወርደዋለሁ። በደንብ ሳይቀዘቅዝ አታጥልሉት፣ ይበታተንባችኋል። አጓቱንም እንዳትደፉት! የዳቦ ሊጥ በውሃ ፋንታ በሱ ሲቦካ ጣዕሙ ሌላ ነው።

አሬራው ለመጠጥ ከሆነ ጤና አዳም ጣል አድርጉበት። እኛ ደሴ ብርዱ ያቆይልናል፤ ኮምቦልቻ ግን ሞቃት ስለሆነ ቶሎ ይኮመጥጣል፣ እዚያ ያላችሁ በተናጠበት ዕለት ጠጡት። ካልፈላ ወተት የተናጠውን ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት በፍጹም አትስጡ፤ በሽታ ያስተላልፋል።