ከውጭ አገር የበጎ ፈቃድ አገልግሎት በኋላ አገር ቤት ሥራ ስለ መፈለግ

በሌላ አገር አንድ ወይም ሁለት ዓመት በበጎ ፈቃደኝነት አገልግሎ የሚመለስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቸገረው ልምድ አጥቶ ሳይሆን፣ ያካበተውን ልምድ ቀጣሪው በሚገባው ቋንቋ መናገር ተስኖት ነው። «በጎ ፈቃደኛ» የሚለው ቃል ሰውየው በሳምንት ስንት ሰዓት ይሠራ እንደ ነበር፣ ተጠሪነቱ ለማን እንደ ነበረ፣ ምን ያህል ገንዘብ ወይም ስንት ሰው በኃላፊነት ይዞ እንደ ነበረ አይናገርም፤ ቀጣሪው ማወቅ የሚፈልገው ግን ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያው ተግባር የሚከናወነው ጓዝ ከመሸከፉ በፊት፣ ገና በአገልግሎት ላይ ሳሉ ነው። «ላበረከቱት አስተዋጽኦ እናመሰግናለን» ብቻ የሚል የምስክር ወረቀት ግድግዳ ከማስጌጥ በቀር ለቅጥር እምብዛም አይረዳም። ፈቃደኞችን ወደ ውጭ አገር የሚልከው የአሜሪካ መንግሥት ድርጅት ፒስ ኮር አገልግሎታቸውን ለፈጸሙ ፈቃደኞች የሠሩትን በዝርዝር የሚገልጽ ሰነድ ይሰጣል፤ በአውሮፓ ኅብረት የወጣቶች መርሐ ግብሮች የሚያገለግሉም ያዳበሩትን ችሎታ የሚያሰፍሩበት ዩዝፓስ የተባለ ማስረጃ አላቸው። የእርስዎ ድርጅት እንዲህ ያለ አሠራር ከሌለው የሥራ መደቡን፣ የጀመሩበትንና ያበቁበትን ቀን፣ የሳምንቱን የሥራ ሰዓትና ዋና ዋና ተግባራትዎን የሚዘረዝር፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ እንዲጽፉልዎ የቅርብ ኃላፊዎን ይጠይቁ። ደብዳቤው በዚያ አገር ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ እዚያው እያሉ ያስተርጉሙት፤ ከተመለሱ በኋላ ቋንቋውን የሚያውቅ ሕጋዊ ተርጓሚ ማግኘት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላም ነገር አለ፤ የድርጅቱ የኢሜይል አድራሻ በስንብትዎ ማግስት ሊዘጋ፣ በውስጡ ያለው ዘገባና ቁጥርም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ስንት ሰው እንዳሠለጠኑና ምን ያህል በጀት እንዳንቀሳቀሱ በራስዎ ማስታወሻ ላይ አስቀድመው ያስፍሩ። የተረጂዎችን ስምና ፎቶግራፍ ግን ይዘው አይውጡ።

ሲቪ ሲያዘጋጁ አገልግሎቱን በመጨረሻው ገጽ «ሌሎች ተሳትፎዎች» ከሚለው ሥር አይቅበሩት፤ የሙሉ ጊዜ ሥራ ከነበረ ቦታው «የሥራ ልምድ» ውስጥ ነው። መጠሪያውም የሠሩትን ሥራ የሚገልጽ ይሁን፤ «የሒሳብ መምህር፣ በበጎ ፈቃድ አገልግሎት» ማለት እውነቱን ሳይደብቅ ሥራውን ያስቀድማል። ለምሳሌ በውኃ ፕሮጀክት ላይ የሠራ ሰው «በገጠር ማኅበረሰብ የአቅም ግንባታ ሥራ ላይ ተሳትፌአለሁ» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው ምንም አይጨብጥም። ይህንኑ «ለ6 የእጅ ፓምፖች የጥገና መዝገብ አዘጋጅቻለሁ፤ 12 የውኃ ኮሚቴ አባላትን አሠልጥኛለሁ፤ አገልግሎቴ ሲያበቃ ኮሚቴው ጥገናውንና የመዋጮ አሰባሰቡን በጽሑፍ ተረክቦኛል» ብሎ ቢያስተካክለው ግን ሰነድ አያያዝ፣ ማሠልጠንና ኃላፊነት ማስረከብ የሚችል ሰው በዓይን ይታያል። በእኔ አስተያየት ከሦስቱ ትልቁ የመጨረሻው ነው፤ ጀምሮ የሚተው ብዙ ነው፣ አስረክቦ የሚሄድ ጥቂት። «ሕይወቴን የለወጠ ተሞክሮ» የሚለው ሐረግ፣ እውነት ቢሆንም፣ ለወዳጅ ጨዋታ ይቆይ።

የቋንቋ ችሎታዎንም «በደንብ እናገራለሁ» ከማለት የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው የቋንቋ ችሎታ መለኪያ ማዕቀፍ፣ ከኤ1 (ጀማሪ) እስከ ሲ2 (እጅግ የላቀ) ባሉት 6 ደረጃዎች ቢገልጹት ይሻላል፤ ቃለ መጠይቁ በዚያው ቋንቋ ድንገት ሊቀጥል ስለሚችል ደረጃውን አያጋኑ።

በቃለ መጠይቅ ላይ «ለምን ሄዱ?» የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ በውስጡ «ተመልሰው ይሄዱ ይሆን?» የሚል ሥጋት የያዘ ነውና፣ የሄዱበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሰው አሁን ይህን ሥራ ለምን እንደሚፈልጉ ወደ ማስረዳት ይለፉ። ምሳሌ ሲጠየቁ ችግሩን፣ የእርስዎን ድርሻ፣ የወሰዱትን እርምጃና ውጤቱን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይንገሩ። አንድ አመልካች «የመጀመሪያውን ሥልጠና የጠራሁት በአዝመራ ወቅት ስለ ነበር ከ20 ሰው 3 ብቻ መጡ፤ ከዚያ ወዲህ ቀኑን የሚወስኑት ሠልጣኞቹ ራሳቸው ሆኑ» ቢል፣ አሥር ስኬት ከደረደረው ይልቅ የሚታመነው እርሱ ነው። «እዚያ እኮ እንዲህ አይደለም የሚሠራው» የሚለውን ንጽጽር ግን ይተዉ፤ ጠያቂዎቹን ያስቀይማል።

ይህ ንጽጽር ከአንደበት የሚያመልጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ጆን እና ጂን ጉላሆርን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 እንዳመለከቱት፣ ከባዕድ አገር የተመለሰ ሰው እንደ ሄደበት ጊዜ ሁሉ በአገሩም እንደገና የመላመድ ውጣ ውረድ ያልፋል። ስለሆነም አቅም ከፈቀደ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ዕረፍት ለማድረግና ሲቪ ለማስተካከል ያውሏቸው። በጊዜ የተገደበ መብት ካለ ግን ይህ ምክር አይሠራም፤ ለምሳሌ የፒስ ኮር ተመላሾች ከአገልግሎት በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ያለ መደበኛ ውድድር በአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሊቀጠሩ ይችላሉ፣ ጊዜው ካለፈ መብቱም ያልፋል። የእርስዎ መርሐ ግብር የመቋቋሚያ ክፍያ ወይም የቅጥር ድጋፍ እንዳለው ሳይሰናበቱ ይጠይቁ።

ተመላሾች አዘውትረው የሚሳሳቱት ማመልከቻቸውን ሁሉ ለእርዳታ ድርጅቶች ብቻ በመላክ ነው። ሌሎች ተመላሾችም የሚያመለክቱት እዚያው ስለሆነ ፉክክሩ የበረታ ነው፤ ከባዕዳን ጋር የሚነግድ ኩባንያ፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና የአካባቢ አስተዳደር ቋንቋና ትዕግሥት ያለው ሰው ይፈልጋሉ። በእነዚህ ቦታዎች የሚሠራ ሰው ሲያገኙ ሥራ እንዲሰጥዎ አይለምኑት፤ ስለ ሙያው የሚያጫውትዎ 20 ደቂቃ ይጠይቁት።

ምስክር አድርገው የሚያቀርቧቸውን የቀድሞ ኃላፊዎች ደግሞ ስማቸውን ከመስጠትዎ በፊት ያሳውቋቸው። የሚያመለክቱበትን የሥራ ማስታወቂያ ይላኩላቸው፤ ለቀጣሪውም በምን ቋንቋ እንደሚያናግራቸውና የሰዓት ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ከስልክ ቁጥራቸው ጎን ይጻፉለት፤ አለዚያ ጥሪው የሚደርሳቸው በእኩለ ሌሊት ሊሆን ይችላል።