ፍሪጁ «ጠቅ» እያለ አልነሳም ሲል

ሶኬቱ መብራት እንዳለው፣ ቴርሞስታቱም ዜሮ ላይ እንዳልቆመ አይታችኋል ብዬ እነሳለሁ። ፍሪጅ ማቀዝቀዝ ባቆመ ቁጥር «ጋዙ አልቆ ነው» የሚል አይጠፋም። የፍሪጅ ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ እየነደደ አያልቅም። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ይዞራል፤ ከቀነሰ የሆነ ቦታ ተበስቷል ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልግ ጋዝ ልሙላ የሚላችሁን ሰው ከበር መልሱት።

ምልክት፦ የውስጥ መብራቱ ይበራል፤ ከኋላ ጥቂት ሴኮንድ ያጉረመርማል፤ «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል፤ ከደቂቃዎች በኋላ እንደገና ይሞክራል።

አዲስ አበባ ውስጥ ለፍሪጅ ጥገና ከምጠራባቸው ቤቶች የሚበዙት የሚነግሩኝ ይህንኑ ነው። ኮምፕሬሰሩ፣ ማለትም ጋዙን የሚገፋው የኋላ ሞተር፣ ሊነሳ ይሞክራል፣ ያቅተዋል፤ ኦቨርሎድ የሚባለው መከላከያ ሞተሩ እንዳይቃጠል ኮረንቲውን ቆርጦ ያሳርፈዋል። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከኮምፕሬሰሩ ጎን የተሰካችው፣ ሞተሩን የምታስነሳው ትንሽ ሪሌይ ነው። የጥፋቱ ምንጭ ደግሞ መብራት ሄዶ ወዲያው መመለሱ ነው። ሲሠራ የቆየ ኮምፕሬሰር በአንድ ወገን ከፍተኛ ግፊት ይይዛል፤ ግፊቱ እስኪስተካከል ደቂቃዎች ያስፈልጋሉ። በዚህ መሃል መብራት ሲመጣ መነሳት ስለማይችል ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኮረንቲ ይስባል። ይህ ሲደጋገም ሪሌይዋ ውስጥ ያለው ክብ ሴራሚክ ይሰነጠቃል።

ሶኬቱን ንቀሉ። ማጥፋት አይበቃም፣ ንቀሉ። ከኮምፕሬሰሩ አጠገብ ካፓሲተር (ከተነቀለም በኋላ ቻርጅ ይዞ የሚቆይ ዕቃ) ካለ ቻርጁ እስኪወጣ በእጅ አትንኩት። ሪሌይዋን አውጥታችሁ ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁ። ውስጧ የተሰባበረ ነገር ከተንኳኳ፣ የቃጠሎ ሽታ ካላት ወይም የኮምፕሬሰሩ እግሮች (ሪሌይዋ የምትሰካባቸው ብረቶች) የሚገቡባት ቀዳዳ ከጠቆረ ሥራዋ አልቋል። ከዚያ የኮምፕሬሰሩን ሦስት እግሮች ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ በመልቲሜትር ለኩ። ትልቁ ንባብ የሁለቱ ትንንሾች ድምር መሆን አለበት፤ 14 እና 20 ኦም ካገኛችሁ ሦስተኛው 34 አካባቢ ይመጣል። ከየትኛውም እግር ወደ ኮምፕሬሰሩ አካል፣ ቀለሙ በተፋቀበት ቦታ ስትለኩ ግን ምንም ንባብ መኖር የለበትም። ካለ ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል፤ መልሳችሁ እንዳትሰኩት።

አንዲት እናት ለፋሲካ ዶሮና ሥጋ ሞልተው ሳለ ፍሪጃቸው ቆመ። ቀድሞኝ የመጣ ሰው «ኮምፕሬሰሩ ይቀየር» ብሏቸው ገንዘብ ሊበደሩ ነበር። ሪሌይዋን ሳወጣት ሴራሚኳ ለሁለት ተከፍሎ መዳፌ ላይ ወደቀ። በሌላ ተካሁት፣ ተነሳ።

ሌላ ቤት ደግሞ ሪሌይ በቀየርኩ ቁጥር ይቃጠላል። ምክንያቱን ያገኘሁት ቅዳሜ ጠዋት፣ እንጀራ ሲጋገር ነው። ቤቱ መብራት የሚያገኘው ከአከራዩ ቆጣሪ በተሳበ ረጅም ቀጭን ገመድ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። መልቲሜትሬን ሶኬቱ ላይ ይዤ ምጣዱ ሲበራ 205 የነበረው ቮልቴጅ 175 ላይ ወረደ። ኮምፕሬሰር በዚያ ጉልበት እንዴት ይነሳ? ገመዱ እስኪቀየር ድረስ በምጣድ ሰዓት ፍሪጁ ይነቀል አልኳቸው።

ሪሌይ ስትገዙ የአሮጌዋን ቁጥርና የኮምፕሬሰሩን ሞዴል ይዛችሁ ሂዱ። «ለሁሉም ይሆናል» የሚል ሻጭ ለማንም የማይሆን ዕቃ ነው የያዘው፤ ጽሑፍ የሌላት ሪሌይ ክረምቱን አትዘልቅም። ስታቢላይዘርም (ቮልቴጅ ማስተካከያ) መብራት ሲመለስ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚያዘገየውን ዓይነት፣ አቅሙ ቢያንስ 1,000 ቪኤ (ቮልት አምፒር) የሆነውን ምረጡ። የማያዘገይ ከሆነ ቁጥር ብቻ የሚያሳይ ጌጥ ነው። ስታቢላይዘር ከሌላችሁ መብራት ሲጠፋ ንቀሉት፤ ከተመለሰ ከ5 ደቂቃ በኋላ ስኩት።

ምልክት፦ ሞተሩ ሳያርፍ ይሠራል፣ ግን አይቀዘቅዝም።

እዚህ ላይ ጋዝ መጠርጠር ይቻላል። መጀመሪያ ግን የበሩን ጎማ እዩ፤ ወረቀት አስገብታችሁ ዝጉና ሳቡ። ሳይዝ ከወጣ አየር ይገባል። ጎማው ደህና ከሆነና የፍሪዘሩ ግድግዳ በረዶ በከፊል ብቻ ከያዘ፣ ጋዙ ሳይወጣ አይቀርም። ማን እንዳስወጣው ለማወቅ ብዙ ጊዜ ምርመራ አያስፈልግም፤ ቢላዋው ወጥ ቤት ውስጥ አለ። በረዶ በቢላዋ አይፈነቀልም! ጋዙ የሚያልፍበት አሉሚኒየም ከበረዶው ሥር ነው፤ አንድ ጊዜ ከተበሳ ጥገናው አሰልቺ፣ ዋጋውም ከባድ ነው። ነቅላችሁ በሩን ከፍታችሁ አሳድሩት።

ኮምፕሬሰሩ ላይ «አር 600ኤ» የሚል ጽሑፍና የእሳት ምልክት ካለ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው። ቧንቧው ውስጥ ጋዝ እያለ ማንም በእሳት እንዲበይድ አትፍቀዱ። ቤት ውስጥማ በፍጹም።

ምልክት፦ ፍሪዘሩ ይቀዘቅዛል፣ ታችኛው ክፍል ግን ይሞቃል።

«ኖ ፍሮስት» (በረዶ አይሠራም) በሚባለው ዓይነት ላይ የሚታይ ነው። ከኋላ ሽፋኑ ጀርባ በረዶ ተከምሮ የአየሩን መንገድ ዘግቷል። አቅልጡት፤ በሳምንት ውስጥ ከተመለሰ በረዶ የሚያቀልጠው ማሞቂያ፣ ዳሳሹ (ሴንሰሩ) ወይም የሙቀት ፊዩዙ ይለካ።

ከአሜሪካ የመጣ ፍሪጅ 115 ቮልትና 60 ኸርዝ (ኮረንቲው በሴኮንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም፤ የእኛ 50 ነው፤ ሞተሩ ይሞቃል። ከሳዑዲ የመጣውም 60 ኸርዝ ስለሆነ ቮልቱ ገጠመ ብላችሁ አትዘናጉ።

ውስጡ ከአትክልት መሳቢያው ሥር ውሃ ከተጠራቀመ የፍሳሽ ቀዳዳው ተደፍኗል። በሽቦ አትውጉት፤ ለብ ያለ ውሃ በሲሪንጅ ግፉበት።